ጸጋና ሕግ፦ ከገላትያ እስከ ገላውዴዎስ

ሐዋርያው ጳውሎስ ቲቶን አላስገረዘም፤ ጢሞቴዎስን ግን ገረዘ። ሁለቱም የእርሱ ደቀ መዛሙርት፣ ሁለቱም የወንጌል መልእክተኞች ነበሩ፤ ግዝረቱም አንድና ያው ግዝረት ነበረ። ነገር ግን በኢየሩሳሌም ቲቶ ይገረዝ ዘንድ የተከራከሩት ሰዎች ያለ ግዝረት ድኅነት የለም የሚሉ ስለ ነበሩ፣ ሐዋርያው ለቃላቸው ቢታዘዝ ኖሮ የክርስቶስ ሞት ብቻውን አይበቃም ብሎ በገዛ ሥራው መመስከሩ ይሆን ነበር፤ በልስጥራ ግን የጢሞቴዎስ አባት ግሪካዊ መሆኑን የሚያውቁ አይሁድ የምኵራቡን በር እንዳይዘጉበት በማሰብ፣ እናቱም አይሁዳዊት ነበረችና፣ ለመዳኛ ሳይሆን ለማገልገያ ገረዘው። ይህን ያየ ሰው ሐዋርያው ወላዋይ ነበረ ይል ይሆናል፤ እኔ ግን በጸጋና በሕግ መካከል ሁለት ሺህ ዓመት ያህል የቆየው ክርክር ሁሉ የሚፈታበት ቁልፍ በእነዚህ በሁለቱ ወጣቶች ታሪክ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። አንድ ሥርዐት አርነት ወይም ባርነት የሚሆነው በሥርዐቱ በራሱ ሳይሆን፣ በሰውና በእግዚአብሔር መካከል በሚሰጠው ስፍራ ነውና።

ነገሩን ከመጀመሪያው ለመከተል የሚወድ ሁሉ አስቀድሞ ለጳውሎስ ተቃዋሚዎች ፍርድ ሳያጓድል መነሣት ይገባዋል። እነዚያ ከፈሪሳውያን ወገን ያመኑ ሰዎች፣ ብዙ ሰባኪዎች እንደሚሥሏቸው፣ በውጭ ታጥበው በውስጥ የረከሱ ግብዞች ብቻ አልነበሩም። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 17 ግዝረት ለአብርሃምና ለዘሩ የዘላለም ኪዳን ምልክት ሆኖ ተሰጥቷል፤ ከዚያም በላይ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት የሶርያው ንጉሥ አንጥያኮስ ኤጲፋንዮስ ግዝረትንና ሰንበትን በሞት ቅጣት በከለከለ ጊዜ፣ ልጆቻቸውን ያስገረዙ እናቶች ከነሕፃናቶቻቸው ተገድለዋል፤ የእሪያ ሥጋ አንበላም ያሉ ሽማግሌዎችም ሰማዕትነትን ተቀብለዋል። አባቶቹ ደማቸውን ያፈሰሱበትን ምልክት አሁን አያስፈልግም ሲሉት የሚደነግጥ ሰው የሚያስደንቅ አይደለም። ጳውሎስም የመለሰላቸው በንቀት ሳይሆን በዚያው በኦሪት ነበረ፤ ይኸውም አብርሃም በእምነቱ ጻድቅ ሆኖ የተቈጠረው በምዕራፍ 15 ገና ሳይገረዝ እንደ ሆነ፣ ሕጉም ከተስፋው 430 ዓመት ዘግይቶ እንደ መጣ፣ ኋላ የመጣውም ፊተኛውን ሊሽር እንደማይችል ከመጽሐፉ ቅደም ተከተል አስረድቶ ነው።

በ49 ዓ.ም. ገደማ በኢየሩሳሌም የተሰበሰቡት ሐዋርያትና ቀሳውስት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው) ከአሕዛብ ያመኑት የኦሪት ቀንበር እንዳይጫንባቸው፣ ነገር ግን ለጣዖት ከተሠዋ፣ ከደም፣ ከታነቀና ከዝሙት እንዲርቁ ወሰኑ። ይህ ውሳኔ በሁለት በኩል የሚታይ ነው፤ ድኅነትን በሚመለከት ሁሉን ፈታ፤ አብሮ መብላትንና አብሮ መኖርን በሚመለከት ግን ጥቂት አሰረ። ከአራቱ መካከል ስለ ደምና ስለ ታነቀ የታዘዘውን የምዕራብ ክርስቲያኖች በጊዜ ብዛት የተዉት ሲሆን፣ በእኛ አገር እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይኖራል፤ ኢትዮጵያውያንን አይሁዳውያን እያሉ የከሰሱ ምዕራባውያን ይህ ትእዛዝ ከሲና ሳይሆን ከሐዋርያት ሲኖዶስ የወጣ መሆኑን አንዳንድ ጊዜ ይዘነጉት ነበር።

ስለ ያዕቆብ መልእክት ብዙ ማለት አያሻም። ጳውሎስ የአብርሃምን ታሪክ በዘፍጥረት ምዕራፍ 15 ሲይዘው፣ ያዕቆብ ይስሐቅ በመሠዊያው ላይ በተጋደመበት በምዕራፍ 22 ይይዘዋል፤ ያዕቆብ የሚነቅፈውም እምነት አጋንንት ስንኳ የሚያምኑት፣ ልብን የማይለውጥ ዕውቀት ነው። ሁለቱ የተጣሉ የሚመስሉት አንዱ ስለ ሥሩ ሌላው ስለ ፍሬው ሲናገር ያንኑ ቃል ስለ ተጠቀሙ ነው። ሉተር በ1522 በጻፈው መቅድም የያዕቆብን መልእክት ከገለባ ማነጻጸሩም፣ ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ ከክርክር ሙቀት የመጣ የቸኰለ ፍርድ ነበረ።

ከሐዋርያት በኋላ ጉዳዩ በይፋ የተነሣው በአምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ ከብሪታንያ ወደ ሮም የመጣው ጴላግዮስ ከሒጶው ኤጲስ ቆጶስ ከአውግስጢኖስ ጋር በተከራከረ ጊዜ ነው። ጴላግዮስ የሮም ክርስቲያኖች በጸጋው እየተማመኑ በኃጢአት ሲንደላቀቁ አይቶ ያዘነ ጥብቅ ሰው ነበረ፤ እግዚአብሔር የማይቻል ነገር አያዝም፤ ስለዚህ ሰው ቢፈቅድ ትእዛዙን መፈጸም ይችላል አለ። አውግስጢኖስ ግን ፈቃድ ራሱ የታመመ መሆኑን፣ መልካምን መውደድም ቢሆን የተሰጠን እንጂ ከእኛ የፈለቀ አለመሆኑን አስረዳ። የቅርጣግና ጉባኤ በ418 የጴላግዮስን ትምህርት አወገዘ፤ በ529 በኦራንጅ የተሰበሰቡት ኤጲስ ቆጶሳትም የእምነት መጀመሪያው ስንኳ ከጸጋ መሆኑን ደነገጉ። በዚህ ሁሉ የክርክሩ ቋንቋ የዳኝነት ቋንቋ ነበረ፤ ዕዳ፣ ክስ፣ ፍርድ፣ ሥርየት ይባላል።

የምሥራቅ አበው ግን በዚያ ፍርድ ቤት አልቆሙም። ለእነርሱ ኃጢአት ከበደልነቱ ይልቅ ደዌነቱና ሞትነቱ ይጐላል፤ ድኅነትም መፈወስ፣ ከክርስቶስ ጋር መዋሐድ፣ የመለኮት ሕይወት ተካፋይ መሆን ነው፤ በሽተኛም መድኀኒቱን የሚቀበልበትን አፍ መክፈቱ ለሐኪሙ ዋጋ መክፈል እንዳይደለ ሁሉ፣ የሰው ፈቃድ ከጸጋው ጋር መተባበሩ ጸጋውን ደመወዝ አያደርገውም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከዚህ ወገን ስለ ሆነች፣ ሃይማኖትንና ምግባርን፣ ምሥጢራትንም አንድ አድርጋ ስታስተምር የጴላግዮስ ልጅ ናት ብሎ መፍረድ ያልተገባ ነው። መጾሙና መስገዱ ብዙ እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ያ የሚጾመው ሕዝብ ሰግዶ የሚለምነው ምን እንደ ሆነ ማየት ይገባል። አርባ አንድ ጊዜ የሚደገመው እግዚኦታ የደመወዝ ጥያቄ አይደለም፤ የምሕረት ልመና ነው። በሰሙነ ሕማማት የሚታሰበው ፈያታዊ ዘየማንም ሳይጾም፣ ሳይመጸውት፣ ሳይጠመቅ በአንዲት ልመና ገነት የገባ ወንበዴ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ታሪኩን የምታነበው በትልቁ የስግደት ቀን በዕለተ ዓርብ ነው።

እዚህ ላይ የበላዔ ሰብእን ታሪክ ማንሣት ግድ ይሆናል፤ የኦርቶዶክሳውያንና የወንጌላውያን ክርክር በእርሱ ላይ ይወድቃልና። በተአምረ ማርያም እንደሚነገረው፣ ዘመዶቹንና መንገደኞችን የበላ ይህ ሰው በሕይወቱ የሠራው በጎ ነገር ለአንድ የተጠማ ድኻ በእመቤታችን ስም የሰጠው ጥርኝ ውሃ ብቻ ነበረ፤ በፍርድ ቀንም ያ ውሃ በሚዛን ከኃጢአቱ በልጦ ተገኘ። ወንጌላውያን ወንድሞች ይህን ሲሰሙ በጥርኝ ውሃ ድኅነት ተገዛ ብለው ያዝናሉ፤ የየካቲት ኪዳነ ምሕረትን የሚያከብረው ገበሬ ግን ከታሪኩ የሚሰማው ተቃራኒውን ይመስለኛል፤ ማለትም እንዲህ ያለውን ሚዛን ያዘነበለው ውሃው ሳይሆን ከውሃው ጀርባ ያለው ምሕረት መሆኑን ነው። በእርግጥ ታሪኩን ለስንፍና ምክንያት የሚያደርግ ሰው አይጠፋም፤ ይህ ግን በጳውሎስም ዘመን የነበረ፣ ጸጋ ይበዛ ዘንድ እንበድል የሚሉ ሰዎች ነገር ነው።

ወደ ምዕራቡ ስንመለስ፣ ክርክሩን እንደ ገና ያነደደው ማርቲን ሉተር በ1505 ወደ አውግስጢኖሳውያን ገዳም የገባው ስለ ነፍሱ ፈርቶ ነበረ፤ በኤርፉርትም ጾሙንና ትጋቱን ሳያጓድል፣ አንዲት ኃጢአት እንዳትቀር ለረጅም ሰዓት እየተናዘዘ፣ ዕረፍት አጣ። ዕረፍቱን ያገኘው የእግዚአብሔር ጽድቅ የሚቀጣበት ሳይሆን ለሚያምን የሚሰጠው መሆኑን ከሮሜ መልእክት በተረዳ ጊዜ ነው። በ1517 ስለ ሥርየት ወረቀት ንግድ ያቀረባቸው 95 ነጥቦች ስሙን ቢያስጠሩትም፣ ትምህርቱ ጠርቶ የሚታየው በ1520 ለሊቀ ጳጳሱ ለልዮን ዐሥረኛው መታሰቢያነት ስለ ክርስቲያን አርነት በጻፈው ትንሽ መጽሐፍ ነው። በዚያም ክርስቲያን በእምነቱ ለማንም የማይገዛ ጌታ፣ በፍቅሩ ደግሞ ለሁሉ የሚገዛ አገልጋይ መሆኑን ያስተምራል፤ ሰው በጎ የሚሠራው ለመጽደቅ ሳይሆን ስለ ጸደቀ ነው፤ ለራሱ የሚያስፈልገውን ሁሉ አግኝቷልና ጉልበቱ ሁሉ ለባልንጀራው ይተርፋል።

ይሁን እንጂ ከሉተር ሥራ ሁሉ እኔ አብልጬ የማደንቀው ከሁለት ዓመት በኋላ ያደረገውን ነው። እርሱ በዋርትቡርግ ግንብ ተሸሽጎ ሳለ፣ የሥራ ባልደረባው ካርልሽታት በ1521 የልደት በዓል ያለ ልብሰ ተክህኖ ቀድሶ ለሕዝቡ ሥጋውንም ደሙንም አቀበለ፤ በወሩም የዊተንበርግ ከተማ ሸንጎ ሥዕሎች ከአብያተ ክርስቲያናት እንዲወጡ ደነገገ። ከእነዚህ ለውጦች ብዙዎቹን ሉተር ራሱ ያስተማራቸው ነበሩ። ሆኖም በመጋቢት 1522 የመነኵሴ ቀሚሱን ለብሶ ተመለሰና ስምንት ቀን ሙሉ ሰበከ፤ የስብከቱም ፍሬ ነገር በግድ የሚደረግ አርነት አርነት አለመሆኑን፣ ደካማው ወንድም ገና ሳይረዳ ልማዱን የሚነጥቀው ሰው ወንጌልን ወደ አዲስ ኦሪት መለወጡን የሚገልጥ ነበረ። አትጹም ማለትም እንደ ጹም ሁሉ ሕግ ሊሆን ይችላል። መነኵሴነት እንደማያድን የሰበከ ሰው በመነኵሴ ልብስ ቆሞ ይህን ማስተማሩ፣ ጢሞቴዎስን የገረዘው የጳውሎስ ደቀ መዝሙር መሆኑን ያሳያል።

በዚህ ሁሉ ላይ የሚነቀፍበት ነገር አልጠፋም። በ1525 የጀርመን ገበሬዎች ክርስቶስ ሁላችንን በደሙ ከዋጀን በሰው ልንገዛ አይገባም ብለው ዐሥራ ሁለት አንቀጽ አቅርበው ሲነሡ፣ ሉተር አርነቱ የነፍስ ብቻ ነው ብሎ መለሰላቸው፤ ዓመፁም በከፋ ጊዜ መሳፍንቱ ያለ ምሕረት እንዲመቱአቸው ጻፈ። ለባልንጀራ የሚተርፍ ፍቅር ያስተማረ ብዕር በገበሬው ጭሰኝነት ፊት እንዲህ መድረቁን ያለ ኀዘን ማንበብ አይቻልም።

የእኛ አገር ታሪክ ከዚህ ጋር የሚገናኘው በመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በ1534 ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ደርሶ ከሉተርና ከሥራ ባልደረባው ከሜላንክቶን ጋር ስለ ሥላሴና ስለ ቅዳሴ ተነጋገረ፤ ሉተርም በሰጠው የምስክርነት ደብዳቤ የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት በአንዳንድ ነገር ቢለይም ልዩነቱ የሃይማኖትን አንድነት እንደማያፈርስ ገለጠ። በዚያው ዘመን ግን የዐፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ ጸጋ ዘአብ በሊዝበን ስለ ግዝረትና ስለ ሰንበት እየተጠየቀ፣ ከቍርባን ተከልክሎ ይኖር ነበር፤ የአገሩን ሃይማኖት የገለጠበትንም ጽሑፍ ዳሚያው ደ ጎይሽ የተባለው ሊቅ በ1540 አሳተመለት። አንዱ ኢትዮጵያዊ መናፍቅ በተባሉት ዘንድ ወንድም ሲባል፣ ሌላው ወዳጅ በተባሉት ዘንድ እንግዳ መሆኑ የዚያን ዘመን ነገር ያሳያል።

ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ግን ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 ኢየሱሳውያን ለተባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን ክስ መልስ ያደርግ ዘንድ የጻፈው የሃይማኖት መግለጫ ነው። ንጉሡ መንግሥቱን ከግራኝ ጦርነት ያዳነው በከፊል በክሪስቶቫው ደ ጋማ በተመሩት አራት መቶ ያህል ፖርቱጋላውያን እርዳታ በመሆኑ፣ ባለ ውለታዎቹን አለመታዘዝ ቀላል ነገር አልነበረም። ክሱ ሦስት ነው፤ ቅዳሜን ታከብራላችሁ፣ ትገረዛላችሁ፣ እሪያ አትበሉም የሚል ነው። ገላውዴዎስ ስለ ግዝረት ሲመልስ የጳውሎስን ትምህርት እንደሚያውቅ አስታውቆ፣ በእኛ ዘንድ ግዝረት የአገር ልማድ ነው፤ በኢትዮጵያና በኖባ ፊትን መብጣት፣ በህንድም ጆሮን መብሳት እንዳለ ሁሉ ነው ይላል። ስለ እሪያም የሚበላውን እንደማይነቅፉ፣ የማይበላውንም እንደማያስገድዱ ይናገራል። ከዚህ የበለጠ የገላትያ ትርጓሜ በዚያ ዘመን ከዙፋን ላይ መውጣቱን አላውቅም፤ ቲቶንና ጢሞቴዎስን የለየችው ያች ቀጭን መስመር በንጉሥ እጅ እንደ ገና ተሠመረች።

ነገር ግን መልሱ ሁሉን አልጨረሰም። ስለ ቅዳሜ ሲናገር ገላውዴዎስ ልማድ ነው አላለም፤ ውሃ እንደማይቀዱ እሳት እንደማያነዱ እንደ አይሁድ ሳይሆን፣ ሐዋርያት በዲድስቅልያ እንዳዘዙት ቍርባን በማሳረግ እናከብራታለን አለ። ከሦስቱ ሁለቱን በልማድ፣ አንዱን በትእዛዝ አቆመው ማለት ነው። ለዚህም ምክንያት ነበረው፤ አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ስለ ሰንበት አገሩን ለቅቆ በ1352 በአርመን ካረፈ በኋላ፣ ደቀ መዛሙርቱ ስለዚህች ዕለት ተወግዘውና ተሳደው፣ በመጨረሻ በ1450 ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ አስወስኗል። መነኰሳት የተሳደዱለትን ነገር የአገር ልማድ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም ነበር፤ ዘርዐ ያዕቆብም የሰንበትን መከበር በመንግሥት ኀይል ሲያጸና፣ ጥያቄው ከፍቅር ወደ ግዴታ መሸጋገሩን መካድ አይቻልም።

ከዚህ የተገላቢጦሽ የሆነው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን መጣ። ንጉሡ በ1622 ካቶሊክ መሆኑን በይፋ ከገለጠ በኋላ፣ በ1625 የገባው የካቶሊክ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግዝረትና ቅዳሜ እንዲሻሩ፣ ካህናት ዳግመኛ እንዲሾሙ፣ ምእመናንም ዳግመኛ እንዲጠመቁ አዘዘ። ልማዱ የተሻረው ከኦሪት ነጻ ለማውጣት ነው ተባለ፤ የተሻረው ግን በዐዋጅና በሰይፍ ነበረ። ገበሬው በየአውራጃው ተነሣ፤ ከብዙ ደም በኋላ በ1632 ንጉሡ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ተወ። ካርልሽታት በአንዲት ከተማ የሞከረውን ሜንዴዝ በአንድ መንግሥት ሞከረው፤ ገላውዴዎስ በነጻነት ልማድ ነው ያለው ግዝረትም ከዚህ በኋላ የሃይማኖት ዐርማ ሆኖ ጠነከረ።

የአውሮጳው ክርክር ከሉተር ወዲህ የሄደበትን መንገድ በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። የትሬንት ጉባኤ በ1547 ጸጋ እንዲቀድም ተቀብሎ፣ እምነት ብቻ የሚለውን አወገዘ፤ በ1937 የሉተራን መምህሩ ቦንሄፈር የናዚ መንግሥት ባየለበት ጊዜ መስቀልን የማያሸክም ርካሽ ጸጋን በገዛ ወገኖቹ ላይ ነቀፈ፤ በመጨረሻም በ1999 በአውግስቡርግ ካቶሊካውያንና የሉተራን የዓለም ፌዴሬሽን ሰው የሚጸድቀው በጸጋ ብቻ፣ በክርስቶስ ሥራ በማመን እንጂ ስለ ገዛ ትሩፋቱ አለመሆኑን በአንድነት ፈረሙ። የእኛ አገር የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ከ1963 ጀምራ የፌዴሬሽኑ አባል ስለ ሆነች ስምምነቱ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን ይበልጥ የሚነካው ኢ. ፒ. ሳንደርስ የተባለው ሊቅ በ1977 ያወጣው ጥናት ነው። የጳውሎስ ዘመን አይሁድ በሥራቸው ድኅነትን ይገዙ ነበር የሚለው የቆየ ሥዕል ስሕተት መሆኑን፣ እነርሱም ኪዳኑን በጸጋ እንደ ተቀበሉ፣ ሕጉንም በኪዳኑ ውስጥ ለመኖር ይጠብቁ እንደ ነበር አሳየ፤ ተከታዮቹም ጳውሎስ የነቀፋቸው የሕግ ሥራዎች በተለይ ሕዝብን ከሕዝብ የሚለዩት ግዝረት፣ ሰንበትና መብል ናቸው አሉ። ኢየሱሳውያን በ1555 የከሰሱን በእነዚሁ በሦስቱ ነበር። እንግዲህ የገላትያ ጥያቄ ለእኛ የሚመጣው ስንት ጾምህ በሚል አይደለም፤ በምልክትህ ሌላውን ከማዕድ ታስወጣለህን በሚል ነው። አንጾኪያ ላይ ጴጥሮስ የተገሠጸውም ከአሕዛብ ጋር ይበላ የነበረውን ማዕድ ትቶ ስለ ሸሸ ነው።

በዚህ መስፈሪያ ስንለካ ዛሬ ንጹሕ ወገን አናገኝም። በጸጋ ብቻ ዳንሁ የሚለው ወንጌላዊ ወንድም የጐረቤቱን ክርስትና በጠላ ብርጭቆ፣ በዘፈንና በጌጥ ሲለካ፣ ከኦሪት የወጣ መስሎት ሌላ ኦሪት ጽፏል፤ ረቡዕና ዓርብ ቅቤ የበላን ሰው ከአረማዊ የሚቈጥረው ኦርቶዶክሳዊም የገላውዴዎስን መግለጫ ረስቷል። ስለ ጾም በተለይ ክርክሩ መካሄድ ያለበት እምነት ወይስ ሥራ በሚል ሳይሆን፣ ገላውዴዎስ በጀመረው መንገድ፣ ይህ ትእዛዝ ነው ወይስ ልማድ፣ ትእዛዝም ከሆነ ለምን ተሰጠ በሚል ይመስለኛል። ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ በሥራ የሰጠችው መልስ አላት፤ ሰባቱን አጽዋማት የሚደነግገው ፍትሐ ነገሥት ሕመምተኛውን ይፈታል፤ የንስሐ አባትም አራስ ሴትን፣ ደካማ ሽማግሌን፣ ከባድ ሥራ የያዘውን ሰው እንደ አቅሙ ያሰናብታል፤ የተሰናበተውም ሰው በፋሲካ ሌሊት ከጾመኞቹ ጋር ቆሞ ያንኑ ቍርባን ይቀበላል።